ለጨጓራ የተደረገ ዱዓ

«ይኼኛው ተልባ ከጉደር ነው የመጣው። ጨጓራን እንደ ቅቤ ያለሰልሳል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!» አሉ ጎረቤቷ አዴ ጌጤነሽ፣ ፌስታሉን ለመሊካ እያቀበሉ።

መሊካ አመስግና ተቀበለችና ወጥ ቤት ወስዳ ከሌሎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። መደርደሪያው ጠያቂ ባመጣው ተልባ፣ አብሽና ማር ተጨናንቋል። አንድ የእንጭኒ ዘመድማ ድንች በጆንያ አራግፎ፣ «ጥሬውን ጨምቃችሁ በባዶ ሆድ!» ብሎ እንደ ሐኪም አዝዞ ሄዷል። የአምቦ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። ችግሩ፣ የመሊካ እናት የነዒማ ጨጓራ ምንም አልሆነም። የታመመው አንጀቷ ነው፤ ካንሰር።

ጨጓራን የፈጠረው አባቷ ቡርሃን ነው። አዲስ አበባ ሐኪሙ በሽታውን ሲነግረው፣ ነዒማ ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች ብሎ ፈራ። ለእሷም፣ ለጎረቤቱም «ጨጓራ ነው» አለ። ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር ደግሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ የሸጠው ሰውዬ እንደ ፋርማሲስት ኮስተር ብሎ፣ «ጠንካራ የጨጓራ መድኃኒት ፀጉር ይነካል» ሲል አስረዳ። መሊካንም «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ!» ብሎ አስምሏታል።

አዴ ጌጤነሽ ሲሄዱ መሊካ ተልባውን በጥብጣ ለእናቷ ወሰደችላት።

«አንቺው ጠጪው» አለች ነዒማ።

«ወላሂ እማዬ፣ በዚህ ወር የጠጣሁት ተልባ ለሰፈሩ ይበቃል! ጨጓራዬ እንደ አዲስ ሆኗል።»

«የእኔም ድሮውንም ደህና ነው። ካንሰር መሆኑን አውቃለሁ፣ መሊኬ።»

መሊካ ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ «ማን ነገረሽ?» አለች።

«የታከምኩበት ክፍል በር ላይ በትልቁ ተጽፏል እኮ። አባትሽ በጀርባው ሊከልለው ቆመ። ቀጭን ነው፤ አልሸፈነውም።»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለእኔ ብሎ እንደዚያ ሲለፋ አሳዘነኝ። ደግሞ ማወቄን ካወቀ የሚወድቀው እሱ ነው።» ነዒማ ሻሿን አስተካከለች፤ ሳቋ ግን ጠፍቶ ነበር። «እኔም ደከመኝ። እፈራለሁ፣ ልጄ። መፍራቴን ለማን ልንገር? ለጨጓራ ማን ይፈራል? የመጣው ሁሉ ዱዓ የሚያደርገው ለጨጓራዬ ነው። አላህስ ያውቃል፣ አይሳሳትም። እኔ ግን አንድ ሰው በሽታዬን ስሙን ጠርቶ ሲለምንልኝ መስማት አማረኝ።»

መሊካ እናቷ ስትፈራ አይታ አታውቅም ነበር። እንባዋ መጣ።

«ብቻ ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ!» አለች ነዒማ።

ይኸው፣ መሊካ አንዱን ምስጢር ከሁለት ሰው ተቀብላ ለሁለቱም ልትጠብቅ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ትምህርት ቤትም አያስተምሩም።

ማታ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቡርሃን ከነዒማ አልጋ አጠገብ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ እጆቹን ዘረጋ።

«ያ አላህ! ለነዒማ ጨጓራ ሽፋውን፣ ፈውሱን አውርድላት። ይኼን ጨጓራ ከሥሩ ንቀልላት!»

«ከሥሩ ከነቀለውማ በምን ልበላ ነው?» አጉረመረመች ነዒማ። ቢሆንም «አሚን» አለች።

መሊካ ግን አላለችም። አባቷ አንድ ዓይኑን ገልጦ አያት።

«አሚን በይ እንጂ!»

 ለሁለቱም ቃል ገብታለች፤ ሁለቱም ሊቀየሟት ይችላሉ። ወደ እናቷ አየች። ነዒማ በዓይኗ «ተይ» አላለቻትም።

«ለጨጓራ አሚን አልልም፣ አባዬ። እማዬ ታውቃለች። ከመጀመሪያው ታውቃለች።»

ቡርሃን እጆቹ እንደተዘረጉ ደርቆ ቀረ። ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ነዒማ?»

«አውቃለሁ። በል አሁን በስሙ ጥራልኝ፤ አፍህን አያቃጥልህም።»

ቡርሃን ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ አላህ፣ የነዒማን…» አለና ቆመ። ነዒማ ከአልጋው ጎንበስ ብላ ትከሻውን ያዘችው። እንደገና ጀመረ። «የነዒማን ካንሰር…» አለ፤ ድምፁ ተቆረጠ፣ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

«አሚን!» አለች መሊካ፣ እስኪጨርስ እንኳ ሳትጠብቅ።