ሁለት መቶ አራተኛው ወረቀት

መምህሩ ማህተሙን እንደጨበጡ ሞተው ተገኙ። በወንበራቸውና በብረቱ ቁምሳጥን መካከል ወድቀዋል፤ የቁምሳጥኑ ጠርዝ ላይ ደም አለ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የፓርቲው የአካባቢ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበሩ፤ ማንም የማያመሰግንበትን ሥራ ይዘው እንደ ወጣት ሲለፉ የኖሩ ሰው።

ጠረጴዛቸው አልተነካካም። በአንድ በኩል ማህተም ያረፈባቸው አራት መቶ ወረቀቶች፣ በሌላ በኩል ያላረፈባቸው ሁለት መቶ ተቆልለዋል። «ፓርቲያችን ለእሁዱ ምርጫ የሚሰጠው የድምፅ ምክር» ይላል አናታቸው። ለአንደኛውና ለሦስተኛው ወንበር ማን እንደሚመረጥ ተጽፏል። ለሁለተኛው ወንበር ግን «ፓርቲው ለተወዳዳሪው ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አንስቷል» ነው የሚለው።

ያ ተወዳዳሪ የመምህሩ ታናሽ ወንድም ነው። አንዱን የውሃ ፓምፕ ለሁለት ሰፈር ቃል ገብቶ ተነቅቶበታል።

መርማሪዋ ሰው ሲያወራ «ቆይ፣ ቆይ» እያለች ስለምታቋርጥ ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል። እግሯን ያማታል። በግድግዳው ርዝመት በተዘረጋው አግዳሚ ላይ አረፍ ልትል ስትል ዘበኛው ደነገጠ።

«እትዬ፣ እዚያ አይቀመጡ! ማለቴ... መምህር ማንንም አያስቀምጡበትም ነበር።»

«ለምን?»

«ማድረቂያቸው ነው። ማህተም የመቱበትን ወረቀት እዚያ ይዘረጉታል፤ ሲደርቅ ነው የሚቆልሉት። ሊቀመንበሯን ራሷን አንዴ ከዚህ አስነስተዋታል። በሰዓት መቶ ወረቀት፤ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ሰዓቴን በሳቸው ነበር የምሞላው።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት ጀመሩ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ። አታሚው ስድስት መቶውን አስረክቦ ወዲያው ሄደ። አራት ሰዓት ላይ ወንድማቸው መጣ፤ አራት ተኩል ሲሆን ወደ ቅስቀሳው እየሮጠ ወጣ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሊቀመንበሯ ወደዚህ ፎቅ ወጥታ ወረደች። ሰባት ሰዓት ላይ ተመልሳ ክፈትልኝ አለችኝ። በሩ ሲዘጋ ራሱ ስለሚቆለፍ በኔ ቁልፍ ከፈትኩ፤ ይኸው።»

ሐኪሙ ሞቱን በአራትና በስድስት ሰዓት መካከል አደረገው፤ ከዚህ በላይ ማጥበብ አልችልም አለ። አራት መቶው ወረቀት ግን አጠበበው። በሰዓት መቶ ከሆነ መምህሩ እስከ ስድስት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ወንድምየው መቶ ሰው ፊት ቆሞ ይናገር ነበር። ደረጃው ላይ የነበረችው ሊቀመንበሯ ብቻ ናት፤ ከተማው በአንድ ከሰዓት ውስጥ ፈረደባት።

ሊቀመንበሯ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት። መርማሪዋ ስትገባ ነጭ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

«አንኳኳሁ፣ አልከፈተም። ማህተም ይዞ ሲቀመጥ ጆሮ የለውም ብዬ ተመለስኩ።»

«ትጣሉ ነበር?»

«ከሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ወረቀቱ ቶሎ ይበተን ስለው፣ ይድረቅ ይለኛል። ለዚህ ብዬ እገድለዋለሁ?»

አታሚው ማሽኑን ሳያጠፋ ነው ያነጋገራት።

«አምስት የኮሚቴ አባላት ሆነን፣ ድጋፉ ይነሣ ወይስ ይቆይ ብለን በምስጢር ድምፅ ሰጠን። እኔ ይቆይ ነው ያልኩት፤ አልደብቅም። ሦስት ለሁለት ተነሣ።»

«ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«መምህር ናቸው የቆጠሩት፤ እሳቸው ደግሞ የድምፅ ምስጢር ካሉ አለቀ። ሚስታቸውም ብትጠይቃቸው አይናገሩም።»

ታናሽ ወንድምየው ዓይኑ አብጧል፤ እንባው የውሸት አልነበረም።

«ጋሼ ነው ያሳደገኝ። አባቴም እሱ፣ አስተማሪዬም እሱ። ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ።»

«በምክሩ አልተከፋህም?»

«አንገብግቦኛል እንጂ! በአንድ ድምፅ መውደቅ! ያቺ አንድ ድምፅ ደግሞ የገዛ ወንድሜ...»

«ቆይ፣ ቆይ። የሱ መሆኗን ማን ነገረህ?»

«ሊቀመንበሯ። ድምፅ በሰጡ ዕለት።»

መርማሪዋ ወደ ቢሮው ተመልሳ አራት መቶውን ወረቀት አንድ በአንድ ገለበጠች። ከዚያ ቁምሳጥኑን አስከፍታ የታሸገ ፖስታ አወጣች። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። አግዳሚው ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«መምህር ያልደረቀ ወረቀት አይቆልሉም ነበር» አለች። «ከታች ያሉትን ሁለት መቶ አራት ወረቀቶች እዩ፤ ፊታቸውም ጀርባቸውም ንጹህ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ግን የአንዱ ማህተም በሌላው ጀርባ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። ሳይደርቁ ነው የተቆለሉት።»

«ቸኩለው ይሆናላ» አለ አታሚው።

«ሊቀመንበሯን ከመቀመጫዋ የሚያስነሱ ሰው? ከሁለት መቶ አራተኛው በኋላ የመታው ሌላ እጅ ነው። በሰዓት መቶ ሲሰላ፣ ሥራው የቆመው አራት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ላይ ነው። ሊቀመንበሯ ስታንኳኳ መምህር ሞተው ነበር።»

ሊቀመንበሯ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ቀሪውን መቶ ዘጠና ስድስት የመታው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ሲሠሩ ነበር እንዲባል የፈለገ ሰው ነው። ለሊቀመንበሯ ያ ሰዓት የመስቀያ ገመድ ነው፤ አታሚውም ከሁለት ሰዓት በኋላ አልተመለሰም። አራት ሰዓት ላይ የነበረው አንድ ሰው ነው። ቸኩሎም ስለነበር አንዱ ወረቀት ላይ በቀለም የተነከረ አውራ ጣት አርፏል። አሻራው በተወዳዳሪነት ስትመዘገብ ከሰጠኸው ጋር አንድ ነው።»

ወንድምየው አልካደም። ያንኑ አግዳሚ ላይ ዘፍ አለ።

«ልገድለው አልነበረም። አንተ ነህ ወይ የጣልከኝ ብዬ ጠየቅኩት። የድምፅ ምስጢር ነው፣ አይነገርም አለኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። አንተ አይደለህም ካልክ ይበቃኛል አልኩት። ጭራሽ ማህተሙን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። ገፋሁት።» እጁን አየ። «ከዚያ ጎኑ ቁጭ ብዬ መታሁ። ድጋፉን አንስቷል፣ ድጋፉን አንስቷል... መቶ ዘጠና ስድስት ጊዜ። ስጨርስ ማህተሙን መልሼ አስጨበጥኩት።»

መርማሪዋ ከፖስታው አምስት ቁራጭ ወረቀቶች አወጣች። ሦስቱ «ይነሣ» ይላሉ፤ ሁለቱ «ይቆይ»። ከሁለቱ አንዱ የማተሚያ ቀለም ነክቶታል። ሌላው በቀይ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው። መምህሩ ከትምህርት ቤት ከወጡም በኋላ በሌላ ቀለም ጽፈው አያውቁም።

ወንድምየው ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው። በልጅነቱ ደብተሩ ላይ ያ የእጅ ጽሑፍ ስንት ጊዜ አርፎበታል።

«ይቆይ ብሎኛል» አለ። «ጋሼ ይቆይ ብሎኛል።»

አታሚው ወደ ሊቀመንበሯ ዞረ። «ይቆይ ያልነው እኔና መምህር ከሆንን፣ አንቺ...»

«እንደግፍሃለን ብላኝ ነበር» አለ ወንድምየው።

«ፊቱን ማየት ከበደኝ» አለች ሊቀመንበሯ። «በወንድሙ ባሳብብ ይቀለዋል ብዬ ነው። ጥፋት ነው፤ ግን ሕግ አልጣስኩም።»

«አልጣስሽም» አለች መርማሪዋ። ይህን ስትል የተሰማትን ምሬት ለመደበቅም አልሞከረችም።

ሊቀመንበሯ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«የደረቁት ሁለት መቶ አራቱ ይሰጡን ይሆን? ምርጫው እሁድ ነው።»

መርማሪዋ የወንድምየውን እጆች በካቴና አሰረች። እሱም በታሰሩት እጆቹ በቀይ የተጻፈውን ወረቀት በጥንቃቄ አግዳሚው ላይ ዘረጋው፤ የሚደርቅ ነገር ይመስል ጠርዙን በጣቱ አቃና።