የታጠበው ሸክላ

ዴዝመንድን ያወቅኩት እኔ በምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። አንድ ጥንድ ካልሲ ይዞ በሳምንት አራቴ ይመጣል።

«አንተ፣ ስንት እግር ነው ያለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እግሬማ ሁለት ነው። ሰበብ ነው የበዛብኝ።»

ሳቅኩ። በቃ፣ አለቀልኝ።

ያኔ በእኛ ሰፈር፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ሙዚቃው ገና ሂፕ ሆፕ ተብሎ ስም እንኳ አልወጣለትም። ዴዝመንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤሌክትሪክ ከመንገድ መብራት ምሰሶ ጠልፎ መናፈሻው ውስጥ የሙዚቃ ሸክላ ያጫውታል። ባንዱ ማጫወቻ ከበሮ፣ በሌላው እናቶቻችን ሳህን ሲያጥቡ የሚያንጎራጉሩትን ዘፈን ይለቃል። ያ የሰለቸን ዘፈን ምቱ ሲገባበት ነፍስ ይዘራል፤ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል።

እናቴ ግን አትወድለትም። «የሰው ዘፈን መቆራረጥ ሙያ ሆኖ ነው?» ትላለች።

አባቴ ሌስተር ጋዝደን በሕይወቱ አንድ ሸክላ ብቻ አስቀርጿል። ዘፈኑ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማን የማያውቀው አለ! የእሱን ሸክላ ግን ከቤታችን ውጪ የሚያውቀው የለም። ከሞተ ወዲህ እናቴ አስነክታን አታውቅም። እኔ ከቁም ሳጥኗ ሰርቄ ለዴዝመንድ ሰጠሁት። ፍቅር ያጃጅላል!

በማግስቱ ቤቱ ብሄድ ሸክላው በገላ መታጠቢያ ገንዳው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሯል። መሃሉ ላይ የአባቴ ስም የታተመበት ወረቀት ተልጦ ወጥቷል።

«ምን አደረግክ?»

«ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ኤርሊን! ሌሎቹ ዲጄዎች ተጠግተው ስሙን ካነበቡ፣ ነገ እነሱም ፈልገው ያመጡታል…»

«የአባቴን ስም ነው ያጠብከው፣ አንተ ደንቆሮ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ሸክላውን እንኳ ሳልወስድ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም። እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ። ካልሲውን ይዞ ሲመጣ ወደ ጓዳ እሸሻለሁ፤ ሲሄድ ደግሞ በመስኮት አየዋለሁ። ለእናቴ ስናዘዝላት አልተቆጣችም። እሱ ባሰብኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመናፈሻው ከበሮ ተሰማ። ቀጥሎ ከበሮው ላይ የአባቴ ድምፅ መጣ። እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። ተያይዘን ወረድን።

ያን ቀን የዲጄዎች ውድድር ነበር፤ ተቀናቃኞቹ ጆሯቸውን ቀስረው አጠገቡ ቆመዋል። ሕዝቡ ይጨፍራል። ዴዝመንድ እኔን ሲያይ ሸክላውን አቆመና ማይክሮፎኑን አነሳ።

«የሚዘፍነው ሌስተር ጋዝደን ነው!» አለ። «ሌስተር ጋዝደን! ስሙን ያዙልኝ!»

«አብደሃል እንዴ?» አለ ጓደኛው ራሱን ይዞ። «ምስጢሩን ሰጠሃቸው እኮ!»

ተቀናቃኞቹ ስሙን መዳፋቸው ላይ ሲጽፉ አየሁ። እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ወደድኩት፣ ከበፊቱ አብልጬ ወደድኩት።

ዘፈኑን እንደገና ለቀቀው። ሕዝቡ የአባቴን ስም እየጠራ ይዘላል። እናቴ እንባዋን ጠራርጋ ልጁን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ኤርሊን፣» አለችኝ፣ «ያ ልጅ ምሳ በልቷል?»