የጠፍር ልጓም

በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ከጉለሌ በላይ ያለው ተዳፋት ታቦት በሚሸኝ ሕዝብ ነጭ ሆኖ ነበር፤ በሸጎሌ ሜዳ ጉግስ የሚጋልቡት ፈረሰኞች የፈረሶቻቸው የኮቴ ድምፅ እስከ ባላምባራስ ለታ ግቢ ድረስ ይሰማል፤ ባላምባራስ ግን ያን ቀን ጆሯቸውን የሰጡት ለሌላ ድምፅ ነበር። በጋጣው ውስጥ የልጃቸው የአምሳ አለቃ ጉልላት ፈረስ፣ ቦራ፣ ያኝካል። ሣርም አልቀረበለት፣ ገብስም አልተሰጠው፤ አፉ ባዶ ነው። ከዚያ ባዶ አፍ ግን ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ይሰማቸዋል፤ ተነሥተው ሲያዩት ዝም ይላል፤ ሲቀመጡ ደግሞ ይጀምራል። ከወር በላይ እንዲህ ነው የከረሙት።

በታኅሣሥ ክብር ዘበኛው በመንግሥት ላይ ተነሥቶ ከጦር ሠራዊቱ ጋር ተታኩሶ በተሸነፈ ጊዜ፣ ከዘበኞቹ አንዱ የነበረው አምሳ አለቃ ጉልላት ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ አባቱ ቤት መጣ፤ ፈረሱን ጭኖ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ሊሻገር አስቦ ነበር፤ ያሰበበት ግን አልደረሰም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ቦራ ብቻውን ተመለሰ፤ ደረቱ በደም ርሷል፤ ደሙም ከአፉ የወረደ ነበር። ጉልላትን ከባሕር ዛፉ በላይ ካለው ገደላማ መንገድ ላይ ወድቆ አገኙት። አገሩ ሁሉ «ጥይት በላው» አለ፤ ያን ሰሞን ብዙ ሰው ጥይት በልቶታልና ማንም አልመረመረም። ሬሳውን የገነዙት ባላምባራስ ናቸው፤ በሩን ዘግተው፣ ብቻቸውን።

አሁን ለአርባው አምስት ቀን ቀርቷል። የዐመፀኛ ተዝካር ነውና ጎረቤቱ «ድምፅ ባይሰማ ይሻላል» እያለ ይመክራል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀጋ ግን ሁሉን ትተው አንዲት ነገር ብቻ ይዘዋል፤ እንደ አባቶቻቸው ወግ የሟቹ ፈረስ ኮርቻው ተጭኖ፣ ጎራዴው ከኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ፣ በለቀስተኛው መካከል እንዲወጣ።

«ድንኳኑም ይቅር፣ ድግሱም ይቅር» አሉ ወይዘሮ ፀጋ። «ፈረሱ ካልወጣ ግን ልጄ እንደ ሽፍታ ሞተ ማለት ነው። እርስዎ የፈረሰኛ ልጅ ነዎት፤ ይህን እኔ ልንገርዎ?»

«ልጓም እንቢ ብሏል።»

«ስንቱን ፈረስ የገሩ ሰው።»

«በማሰሪያው ይዤ ላውጣው?»

«ያለ ልጓም የወጣ ፈረስ አጋሰስ ነው፤ ከገበያ ጨው ጭኖ የመጣ ይመስላል።»

ባላምባራስ ሁለት ልጓም ሞክረዋል። ያን ሳምንት ከጎረቤት የተዋሱትን ባለቀለበት ልጓም ቢያቀርቡለት ቦራ በኋላ እግሩ ቆሞ የጋጣውን አግዳሚ ሰብሯል፤ ከአንድ ጡረተኛ ሻለቃ የለመኑለትን፣ መሃሉ ላይ የተጋጠመውን የፈረንጅ ልጓም ደግሞ ገና ሽታው ሲደርሰው ጥርሱን ገጥሞ ዘጋባቸው። በሁለቱም ጊዜ ፈረሱ የተመለከተው ልጓሙን አልነበረም፤ ዐይኑን የተከለው በሳቸው ላይ ነው። ሽማግሌው ያን ዐይን መሸከም አቃታቸው።

በማግሥቱ ቦራን በማሰሪያ እየሳቡ ወደ ሸጎሌ ወረዱ። በከብት ገበያው ዳር ከወሎ የመጣ ኢስሐቅ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበር፤ ጉልላት የፈረሱን ዕቃ ሁሉ የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ኢስሐቅ ፈረሱን በስሙ ጠርቶ ግንባሩን ዳሰሰው፤ ከዚያ ጣቱን ማር አስነክቶ በከንፈሩ ጥግ ቀስ አድርጎ አስገባ።

«እዚህ ላይ ጥርስ የለም፤ አላህ ለልጓም ብሎ የተወው ቦታ ነው» አለ። ጣቱን ወደ ላንቃው ሲያወጣ ግን ያልሻረ ቁስል ነካ፤ ጣቱንም መልሶ «ባላምባራስ፣ የነበረውን ልጓም ያምጡልኝ» አለ።

«ጠፍቷል።»

«ቁስሉን በሱ ካልለካሁ አዲሱ ቁስሉ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ይህ ፈረስ እስኪሞት ድረስ አፉን አይከፍትም።»

ባላምባራስ ከጋቢያቸው ሥር አወጡት፤ ለካ ይዘውት ኖሯል። የድሮ ሰው የሚወደው ባለቀለበት ብረት ነው፤ ጋላቢው የሚይዘው ዛብ ሲሳብ የብረቱ ምላስ ላንቃን ይወጋል፣ ቀለበቱ የታችኛውን መንጋጋ ያንቃል። ዝገት የሚመስል ደም ደርቆበታል።

«ይህ የጉልላት አይደለም» አለ ኢስሐቅ። «ጉልላት ከኔ ብረት ገዝቶ አያውቅም። የዚህ ፈረስ አፍ ስስ ነው እያለ ጠፍር ነበር የሚያስገምደኝ።» ብረቱን አገላብጦ አየው። «እንዲህ አድርጎ ላንቃ የሚቆርጠው ፈረሱ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ጋላቢው ደግሞ ዛቡ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ሁለቱም ወደ ኋላ ይወድቃሉ፤ ፈረሱ ከላይ ይሆናል።»

«ጥይት አልነካውም» አሉ ባላምባራስ፤ ይህን ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። «ደረቱ ነው የተሰበረው። ያን ቀን ጠፍሩን አውልቄ ብረቱን ያገባሁለት እኔ ነኝ። ‹በጦር ቀን ፈረስ በጠፍር አይያዝም› አልኩት። ‹አባባ፣ ይህን አይወድም› አለኝ፤ ‹አንተን ማን ጠየቀህ› አልኩት። ጠፍሩን ለውሻው ወረወርኩለት።»

ኢስሐቅ አላጽናናቸውም፤ የሚያጽናና ነገር አልታየውም። ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈው የበሬ ቆዳ ሦስት ቀጫጭን ጠፍር መዘዘና መግመድ ጀመረ፤ ሲጨርስ ጫፉን ለሳቸው አቀበላቸው።

«መግመዱ የኔ ነው፤ ማለስለሱ የጋላቢው ነው። በጥርስ ነው የሚለሰልሰው፤ ጉልላት እዚህ ተቀምጦ ሲያኝክ ይውል ነበር።»

«የማን እርድ ነው?»

«የኛ ነዋ፣ ባላምባራስ። እሱ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ባላምባራስ ለታ ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የእስላም እርድ ወደ አፋቸው አስገብተው አያውቁም። ጠፍሩን ሲያዩት ቆዩ፤ ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው ነከሱት። ሦስት ቀን፣ ጋጣው በር ላይ ተቀምጠው፣ መንጋጋቸው እስኪዝል አኘኩት፤ ወይዘሮ ፀጋ አልፈው ሲሄዱ አዩአቸው፤ ሐዘን የባላቸውን አእምሮ የነካው መሰላቸው። በሁለተኛው ቀን የቦራ ባዶ ማኘክ ቆመ፤ ወይም የሽማግሌው ጥርስ ድምፅ ውጦት ይሆናል።

ጥር አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት፣ ለመምጣት የደፈሩት ጥቂት ለቀስተኞች በግቢው ሲሰበሰቡ፣ ባላምባራስ ጠፍሩን ብብታቸው ውስጥ አሙቀው ወደ ጋጣው ገቡ። ቦራ አሸተተው። አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ራሱ አፉን ከፈተ። ጠፍሩ ከመንጋጋው ጋር አብሮ ጎበጠ፤ ፈረሱ በምላሱ አንዴ ዳሰሰውና ጸጥ አለ።

ወይዘሮ ፀጋ በር ላይ ቆመው ያያሉ። «ይህን ያህል ገር ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያን ቀን ደሙ ከአፉ የወረደው ለምንድን ነው?»

ባላምባራስ መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አገር ሙሉ ጥይት ነበርና በጥይት ማሳበብ ቀላል ነው። ግን ሦስት ቀን ያኘኩት ነገር ጉሮሯቸውን ከፍቶት ይሁን ወይም ፈረሱ ስላያቸው፣ ፊታቸውን ወደ ፈረሱ አንገት አዙረው በለሆሳስ ሁሉን ነገሯቸው። ወይዘሮ ፀጋ ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ። ዛቡን ከባላቸው እጅ ወሰዱና፣ ሴት እንዲህ ያለውን ፈረስ ስትመራ ታይቶ በማይታወቅበት አገር፣ የልጃቸውን ፈረስ ራሳቸው ይዘው ወጡ። ባላምባራስ ጋጣው ውስጥ ቀሩ። ከውጭ አልቃሿ ስታወርድ ይሰማሉ፤

«ምን ዓይነት ጥይት ነው፣ ምን ዓይነት አረር፣
ፈረሱን መልሶ ጌታውን የሚያስቀር።»

ለቀስተኛው ደረቱን መታ፤ ወይዘሮ ፀጋም አብረው መቱ፤ አላረሟትም።

በማግሥቱ ወይዘሮ ፀጋ «ያንን ብረት አምጡልኝ» አሉ፤ ከባላምባራስ መቀመጫ ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ ምስማር አስመትተው ሰቀሉት። ባላምባራስ «ይህ ለምን?» ቢሉ፣ «ይታይ» ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ባላምባራስ እስኪሞቱ ድረስ ለዘጠኝ ዓመት ነገሩን አንድ ቀን አላነሡባቸውም፤ ለማንም አልተናገሩም። ባላምባራስ ምሳቸውንም ራታቸውንም የበሉት ብረቱን እያዩ ነው።

የዚያ ታኅሣሥ ታሪክ ብዙ ተጽፎለታል፤ ዐዋጁም፣ የጄኔራሎቹም ስም፣ ማን ከማን ጋር እንደተታኮሰ ተመዝግቧል። አምሳ አለቃ ጉልላት በሰው አፍ የቆየው በተኩስ እንደሞተ ሆኖ ነው። የጠፍሩ ልጓም ሁለት ክረምት ሳይሞላው አይጥ በልቶት ጠፋ፤ ብረት ግን አይጥ አይበላውም። ዛሬ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የጉልላት ወንድም የልጅ ልጅ የሆነው ኪብሮን ዘይት ቀብቶ፣ መስታወት አልብሶ ከሶፋው በላይ ሰቅሎታል። እንግዳ ሲመጣ «አያቶቻችን በክብር ያቆዩት የጀግናው ልጓም ነው» ይላል፤ እንግዳውም ቀና ብሎ አይቶ «የድሮ ሥራ ጠንካራ ነው» ይልና ወደ ሻዩ ይመለሳል።