ማንቂያው በማን ጆሮ ጮኸ?

ሟቹ ሐሙስ ማታ መስኮት በሌላት የድምፅ መቅረጫ ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮፎኑ ሥር በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። ጉንጮቹ በጭሱ መርዝ ቀልተው ስለነበር ለማያውቅ ሰው ጤነኛ ይመስላል። የጋዝ ማሞቂያው የጭስ ቱቦ በስፖንጅ ተወትፏል። ስፖንጁ ከሚስቱ ጠረጴዛ ሥር ከተከመረው የድምፅ መከላከያ ቁራጭ የተቆረጠ ነው። የጋዝ ማንቂያው ደግሞ ትንፍሽ አላለም።

የፖሊስ አለቃው ቸኩሏል። ነገር ሲቀልለት ራሱን ብልህ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ አለቃ በየቢሮው ሞልቷል።

«ሚስትየው ናት። የማንቂያውን ሴቲንግ መቀየሯን በአፏ አምናለች። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ «እውነቱን» ብላው ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች።

ባልና ሚስቱ ከባልየው ታላቅ ወንድም ጋር ሆነው አንድ ላይብረሪ ይሠሩ ነበር፤ በስልክም ሆነ በኮምፒውተር፣ በየትኛውም ሲስተም ላይ ድምፅን እዚያው በዚያው የሚፈጥር የኮድ ስብስብ። የቤቱ የጋዝ ማንቂያም ሥራ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚጮኸው በዚሁ ነው።

ሚስትየው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«የነካሽው ምኑን ነው?» አለቻት መርፌ።

«ጠቅላላ ሴቲንጉን። ድምፅ በየት ይውጣ፣ መጠኑ ምን ያህል ይሁን፣ ሁሉም የሚታዘዘው ከዚያ ነው። እሱ እየቀረፀ እንዳልረብሸው ብዬ ድምፁን ከግድግዳው ስፒከር ወደ ሄድፎን አዞርኩት። ለራሴ ፕሮግራም ብቻ ማድረግ ሲገባኝ፣ ሰንፌ ለሁሉም አደረግኩት።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ ጠዋት። ግን ማንቂያው ሴቲንጉን የሚያነበው ሲከፈት ብቻ ነው። ዘግተው ካልከፈቱት ለውጡን አያውቀውም። እኔ አልዘጋሁትም፤ እናቴን!»

የሟቹ እናት ሳሎን ውስጥ የሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብለዋል።

«እማማ፣ ማንቂያው ሲጮኽ ሰምተው ያውቃሉ?»

«ማክሰኞ ማታ ልጄ ሲሞክረው ከግድግዳው ላይ አምባረቀብኝ። ‹አንተ ልጅ ልትገለኝ ነው?› ስለው ሳቀብኝ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ...»

ታላቅ ወንድም በረንዳው ላይ ሲጋራ ያጨሳል።

«ሐሙስ የት ነበሩ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ይህን ቤት አልረገጥኩም እህቴ። ተኳርፈናል። ስንት ዓመት የለፋንበትን የሚገዛ ሰው ባመጣለት፣ ጌታው ‹ለዓለም ሁሉ በነጻ እበትነዋለሁ› አለኝ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ይላል?»

«ማንቂያውስ ይሠራ ነበር?»

«እሱንም ማንቂያ ብለሽው! ሲከፍቱት በሄድፎኑ እንደ ወባ ትንኝ ሲጢጢ ይላል፤ በቃ።»

«ያስቃል» አለች መርፌ፣ ሳትስቅ።

በማግስቱ ሁሉንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃው ሰዓቱን እያየ በሩን ተደግፏል።

«ሴቲንጉ የተቀየረው ማክሰኞ ጠዋት ነው» ብላ ጀመረች። «ማታ ግን ማንቂያው ከግድግዳው ጮኋል፤ እማማ በጆሯቸው ሰምተዋል። እስከዚያ ድረስ ዘግቶ የከፈተው የለም ማለት ነው። ሐሙስ ደግሞ ዝም አለ። በመካከሉ አንድ ሰው ዘግቶ ከፍቶታል፤ ቱቦውንም የወተፈው እሱ ነው።»

«እሷ ናታ!» አለ አለቃው።

«ቆይ። ማንቂያው ሲከፈት አጭር ድምፅ ያሰማል። ሁልጊዜ ከግድግዳው ነበር የሚሰማው። ከሄድፎኑ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ገዳዩ የከፈተው ጊዜ።» ወደ ታላቅየው ዞረች። «ከሰኞ ወዲህ እዚህ ካልረገጡ፣ በሄድፎኑ ሲጢጢ ማለቱን በየትኛው ጆሮዎ ሰሙት? የወንድምዎን ሚስት ስህተት አይተው ተጠቀሙበት።»

ሰውየው የሲጋራ ፓኮውን ከኪሱ አወጣ።

«ጋሼ...» አለች ሚስትየው። «አንተ ነህ?»

«እሱ አልሰማም» አሉ እናትየው።

ሁሉም ዞረ።

«የሰማሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ አቧራ ስጠርግ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ማሽኑ ራሱ ተነሣ፤ ሲጢጢ አለ። ለትልቁ ልጄም በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ቱቦውንስ ማን ወተፈው?» አለ አለቃው።

አሮጊቷ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ምን አውቄ። ስፖንጁ የሷ ነው።»

መርፌ አጠገባቸው በርከክ አለች። «እማማ፣ እየዋሹ ነው።»

«አንድ ልጅ ነው የቀረኝ» አሉ፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

«ሰምተሃል?» አለች መርፌ ወደ አለቃው ቀና ብላ።

«ምኑን? ልጇ የሞተባት አሮጊት ስታለቅስ ነው የሰማሁት።» ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

ሕግ የሚሉት እንዲህ ነው፤ የእናትን ቃል ሲመቸው ማስረጃ፣ ሳይመቸው ለቅሶ ይለዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ገዳዩን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ማወቃቸው ግን ለማንም አልጠቀመም።

«እማዬ» አለች ምራትየዋ እጇ ሲታሰር። «ልጄ ነሽ ትይኝ አልነበር?»

አሮጊቷ ጀርባቸውን ሰጥተዋት የትልቁን ልጃቸውን ኮት ይቆልፉ ጀመር፤ አንዱ ቁልፍ አልገባ አላቸው።