የመሐሉ ከተማ አራት ሰዓት

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። አሳንሰር ጠጋኙ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ሲገባ፣ እጮኛው ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። የሠርግ ቀሚሷ ተቆርጦ፣ ሳይሰፋ፣ ጠረጴዛው ላይ ተጥሏል።

የተዋወቁት እሷ ከነጨርቅ ጥቅሏ አንድ ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ ተቆልፎባት፣ እሱ ከላይ በገመድ ተንጠልጥሎ «አይዞሽ፣ መጣሁልሽ!» ሲላት ነው። በዓመቱ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘ። በአውሮፕላን እየበረረ መጥቶ ያያታል። መንገዱ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል ይላት ነበር፤ አምናዋለች።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች፤ ልብስ ሰፊዋም የእጮኛዋን ረጅም መንገድ አነሳችላት።

«ከዚያ ከተማ እኮ በቀጥታ ሰባት ሰዓት ነው፣ እህቴ። አሥራ አንድ ከፈጀበት መሐል ላይ ወርዷል ማለት ነው» ብላ፣ እሳቱን ለኩሳ ሄደች።

የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና «ምናልባት አራቱን ሰዓት ደመና ላይ አረፍ ብሎ ይሆናል» አለች።

እሷ አልሳቀችም። ሳምንቱን ሙሉ፣ አይታት የማታውቀውን የመሐል ከተማ ሴት በልቧ ስትለካት ሰነበተች። ወገቧን ስልሳ አምስት ሳንቲ ሜትር አደረገችው፤ ቅናቱ ሲብስባት ስልሳ። ረጅም አንገትም ጨመረችላት።

«ማናት?» አለችው አሁን።

«ማን?»

«መሐል ላይ የምትወርድላት!»

የእህቷ ስፌት መኪና ቀጥ አለ። እሱ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ።

«ሴት የለችም። እፈራለሁ።»

«ምኑን?»

«አውሮፕላን። ሰባት ሰዓት ባንድ ትንፋሽ አልችልም። መሐል ላይ እወርድና ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ልቤ ሲመለስ የሚቀጥለውን እሳፈራለሁ።»

«አንተ? ሠላሳ ፎቅ ላይ ተንጠልጥለህ የምትውለው ሰውዬ?»

«አሳንሰርማ ገመድ አለው። ያጠበቅኩትም እኔ ነኝ። አውሮፕላኑን ምን ያዘው?»

እህቷ ሳቋ ሲያመልጣት የጨርቅ ቁራጭ አፏ ውስጥ ወተፈች።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«መጀመሪያ ያየሽኝ ከላይ ስወርድልሽ ነው። እንደዚያው ሆኜ ልቅርልሽ ብዬ።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፤ ቅናቷ ግን ገና አልበረደም።

«እና አራት ሰዓቴን ለግድግዳ ሰጠህብኝ?»

አንገቷ ላይ የነበረውን የልብስ መለኪያ ሜትር አወለቀችና እጁ ላይ ጠምጥማ ቋጠረችው።

«ይኸው ገመድ። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ለሠርጉ በቀጥታ ትመጣለህ።»

በቀጥታ መጣ። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሜትሩ በላብ ርሶ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ። አምና ቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ እጇን እንደያዘ አረፈ። ሜትሩን ሴት ልጃቸው ወሰደችው፤ የምትሠራው እዚያው ሩቅ ከተማ ነው።