ዱካሞ «ክፍት ነው» ብሎ ነበር

ፖሊሶቹ ጋራዡ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ጠየቁ፤ የተዉት የበሩን ውሻና እኔን ብቻ ነው። ውሻውስ ይሁን፣ አፍ የለውም። እኔ ግን ዱካሞ ከወደቀበት አጠገብ፣ የስፌት መኪናዬን ይዤ እንደ ሰው ተቀምጬ ነበር። አንደኛው ፖሊስ «ጎጎ፣ ወደዚያ» ብሎ በእጁ አባረረኝ። ጎጎ በተሰደድንበት አገር ቋንቋ አያት ማለት ነው። አያት ደግሞ አታይም፣ አትሰማም፣ ብትናገርም ማን ይሰማታል?

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልክ ነው። ጆሮ ግን ትምህርት ቤት አይገባም።

ኮሮና በገባበት ዓመት ነው፣ በሐምሌ ብርድ። የሽጉጤ ጋራዥ ካትሌሆንግ የሚባለው ሰፈር መግቢያ ላይ ነው፤ የገልባጭ መኪናና የፎርክሊፍት ሃይድሮሊክ፣ በዘይት ግፊት ዕቃ የሚያነሣው ክፍል፣ ይጠገንበታል። እኔ ጥጉ ላይ የሠራተኞቹን ቱታ እጥፋለሁ፣ እጠግናለሁ፤ በሽታው ከመጣ ወዲህ ደግሞ ማስክ እሰፋለሁ። ያን ዕለት ጧት ዱካሞ የአንድ ገልባጭ መኪና ፓምፕ ሊፈትሽ ቴስተሩን አገናኘ። ቴስተሩ የእጅ ሻንጣ የምታክል ዕቃ ናት። ከፓምፑ የመጣ ዘይት በአንድ ጎኗ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ላይዋ ላይ የሚፈሰውንና የሚገፋውን የሚናገሩ ጌጆች አሉ፤ በጎን በኩል ደግሞ የዘይቱን መንገድ ለማጥበብ የሚዞር እጀታ ያለው ቫልቭ አለ።

እንደ ልማዳቸው ጸለዩ። ሞተሩ ተነሣ። ወዲያው ጋራዡ እንደ መድፍ ጮኸ። ዘይቱ የሚሄድበት የጎማ ቱቦ ከመጋጠሚያው ተስፈንጥሮ ዱካሞን ጆሮ ግንዱ ላይ መታው። ዞሬ ሳይ መሬት ላይ ነው። የሰፋሁለት ሰማያዊ ማስክ አፉ ላይ እንዳለ ነበር።

ፖሊሶቹ ከሩቅ ቆመው «የሥራ አደጋ» ብለው ጻፉ፣ ሬሳውን አስነሡ፣ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ያን ሰሞን ሬሳ ማንሣት ያልታከተው ሰው አልነበረም።

ሽጉጤ ግን ለዕድር ሽማግሌዎች ሌላ ነገር ነገራቸው። «ማናሴ ነው። ሳይታዘዝ ነዳጅ ረገጠ» አለ። ማናሴ የዱካሞ ሚስት የፍሬገነት ወንድም ነው፤ ሞተሩን ያስነሣው እሱ ነው። ፍሬገነት ከስፓዛዋ፣ ከትንሿ ሱቋ፣ ኋላ ባለች ቤቷ ለቅሶ ተቀምጣ ነበርና ይህን ስትሰማ በሩን በወንድሟ ፊት ዘጋችው። «የባሌ ደም ያለበት እጅ ደጄን አይንካ» አለች። አውሮፕላን ስለቆመ ሬሳው አገር ቤት፣ ሆሳዕና፣ አይገባም፤ ቀብሩ ቅዳሜ እዚሁ ነው። ማናሴ አፈር እንኳ እንዳያለብስ ተከለከለ። ከበሩ ውጭ ብርድ ላይ ቆሞ ይውላል፤ ሲመሽ ይሄዳል፤ ሲነጋ ይመጣል።

ያኔ ነው ሽማግሌዎቹ አብዱልወሀብን ያስጠሩት። ፎርድስበርግ ገበያ መነጽር የሚሸጥ ሰው ነው፤ አገር ቤት ሳለ የወንጀል መርማሪ ነበር። በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሙን በበሽታው ቀብሯል። ሲገባ ትከሻው ከእሱ ቀድሞ የደከመ ይመስል ነበር። ጋራዡን ዞር ዞር ብሎ አየና የጋዝ ማሞቂያው እኔ ጋ ስለሆነ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ እዚህ ብቀመጥ ይከፋዎታል?»

«ከተቀመጥክ በኋላ ነው እንዴ የሚጠየቀው?» አልኩት።

ፈገግ አለ። እዚያው ሆኖ አንድ በአንድ አስጠራቸው። እኔን ከዕቃ ቆጥረው ሁሉም ፊቴ ተናገሩ።

መጀመሪያ ሽጉጤ መጣ፤ ባለጋራዡ።

«ሞተሩ ሲነሣ የት ነበርክ?»

«ቢሮው በር ላይ።»

«ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትቆመው?»

«ከሎክዳውን ወዲህ፣ አዎ። ርቀት ጠብቁ ተብሎ የለ?»

«ከሰው ነው ከቴስተሩ?»

ሽጉጤ ሳቀ። ሳቁ ግን ማስኩን እንኳ አላነቃነቀም። «ማናሴን ጠይቀው» ብሎ ሄደ።

ቀጥሎ አንዱዓለም። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ምላሱ ቅቤ የጠጣ። የዚያን ገልባጭ መኪና ፓምፕ የገጠመው እሱ ነው። ባለመኪናው ግን «አዲስ ፓምፕ ተገጥሞ አሸዋ ማንሣት ያቅተዋል?» እያለ ሲጨቃጨቅ ከርሟል፤ ለዚህ ነው ዱካሞ ሊፈትሸው የተነሣው።

«ማዘር፣ ዛሬ ደግሞ መርማሪ ሆንሽ?» አለኝ።

«አንተ ጸላይ ከሆንክ እኔ ምን ያንሰኛል?» አልኩት። ፊቱን አዞረ። አብዱልወሀብ እኔን አየኝ፣ እሱን አየውና ጥያቄውን ቀጠለ።

«ዱካሞ እንዴት ሞተ?»

«ረሳ። ቫልቩን ሳይከፍት አስነሣ። ሰው ነው፣ ይረሳል።»

«ቫልቩ ተዘግቶ ሞተር ከተነሣ ሰው ይሞታል?»

«የለም! ማለቴ፣ መሞት አልነበረበትም። ውስጡ ስስ ዲስክ አለ። ግፊቱ ሲበዛ ዲስኩ ይቀደድና ዘይቱ በውስጥ ያልፋል። ቢበዛ ቴስተሩ ይቆማል፤ ዲስክ እስኪመጣ ሥራው ይቀራል።»

«ዲስኩ እያለ ታዲያ ለምን ሞተ?»

አንዱዓለም እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ» አለ። እዚህ ላይ የዋሸ አልመሰለኝም፤ ዓይኑ ሥር የእውነት ጠቁሯል።

ማናሴ መጨረሻ ገባ። ጢሙ አድጓል፣ ከንፈሩ በብርድ ተሰንጥቋል። አብዱልወሀብ ስለ ሞቱ አልጠየቀውም። ቴስተሩን እያሳየ፣ «እኔ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ። በዚህ ዕቃ ሳልጎዳ እንዴት ልሥራ? አስተምረኝ» አለው።

ማናሴ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ እጁ ራሱ ተንቀሳቀሰ። «ሞተር ጠፍቶ ነው የሚገናኘው። ቀስቱ የዘይቱን መሄጃ ያሳያል፤ በግልባጭ አይገጠምም። ጎማዎቹ ያልተሰነጠቁ፣ ግፊቱን የሚችሉ መሆን አለባቸው። ቫልቩ እስከ ጥግ ይከፈታል። ከዚያ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ይጠበቃል። የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያረጀ ፓምፕ እንኳ ጎበዝ ይመስላል፤ ሲሞቅ ነው እውነቱ የሚወጣው። ከሞቀ በኋላ ቫልቩን በጥቂት በጥቂቱ እየዘጋህ ጌጁን ታያለህ። ስትጨርስ መልሰህ ትከፍታለህ፣ ሞተር ታጠፋለህ፣ ግፊቱ ሳይወጣ ምንም አትፈታም። ዘይት ቢያፈስም በእጅህ አትፈልግም፤ እንደ መርፌ ሥጋ ይበሳል። ዱካሞ ነው ያስተማረኝ» አለ።

«ያን ዕለት ነዳጅ ረገጥክ?»

«በዱካሞ አጥንት! ቁልፉን ብቻ ነው ያዞርኩት። እሱ ‹አስነሣ› ሲለኝ።»

«ቫልቩ ከተከፈተ በኋላ ወዲያው ነው ‹አስነሣ› የሚለው?»

«መሐሉ ላይ እንጸልያለን።»

አብዱልወሀብ ብዕሩን አስቀመጠ። «ከጸሎቱ በኋላ ቫልቩን እንደገና አያየውም?»

«አያይም። ‹እግዚአብሔርን ጠርቼ ተመልሼ ብነካካ ጠረጠርኩት ማለት ነው› ይል ነበር።»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የእናንተን አላውቀውም። ቆማችሁ ነው? እንዴት ነው?»

«ዓይናችንን ጨፍነን። ድሮ ዱካሞ መሐል ሆኖ እጅ ለእጅ ተያይዘን ክብ እንሠራ ነበር። ከኮሮና ወዲህ መነካካት ቀረ፤ ሁሉም በየቢጫ ምልክቱ ላይ ይቆማል። እኔ ያን ቀን መኪናው ላይ ሆኜ ነው የጸለይኩት።»

አብዱልወሀብ መሬት ላይ የተቀቡትን ቢጫ ምልክቶች ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ እርስዎም ጨፍነው ነበር?»

እህ! በስንት ጊዜው አንድ ሰው ጠየቀኝ።

«እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ዓይን አልጨፍንም» አልኩት። «ግን ‹አባታችን ሆይ› ስል ፊቴን ወደ ምሥራቅ ነው የማዞረው፤ እዚህ ምሥራቁ ግድግዳ ነው። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር። ጆሮዬ ግን ጀርባ የለውም።»

«ምን ሰማ ጆሮዎ?»

«ዱካሞ እጀታውን አዞረ፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ ቀጭ ይላል። ‹ክፍት ነው› አለ። ሁልጊዜ ይላል፤ ያን ቀንም ብሏል። ከዚያ ይሄ አንዱዓለም ‹ዛሬ እኔ ልጸልይ› አለ። ስንት ዓመት አብሮ ሲሠራ ለምግብ እንኳ ባርኮ የማያውቅ! ደግሞ አጸላለዩ፤ የሎንችና ረዳት ይመስል ይጮኻል። ሽጉጤ ከቢሮው በር ‹አሜን፣ አሜን› ይላል፤ ድምፁ ከዚያ አልተነሣም። ማናሴም ከመኪናው አልወረደም፤ የዚያ መኪና በር ሲከፈት ሙት ይቀሰቅሳል።»

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልነገሩም?»

«ማን ጠይቆኝ?»

አብዱልወሀብ ተነሣ። መፍቻ ይዞ እስካሁን እንደተዘጋ ያለውን የቴስተሩን ቫልቭ ፈታ፣ ከውስጡ የሆነች ነገር አውጥቶ በመሐረብ ጠቀለለ። ከመኪናው ሥር ገብቶም ፓምፑን በሴንጢ ፋቅ ፋቅ አደረገ። «ነገ ከሰዓት ሁሉም ይምጣ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ሁሉም በየቢጫ ምልክቱ ላይ ቆመ። ሽጉጤ ቢሮው በር ላይ፤ አንዱዓለም ከቴስተሩ ጠረጴዛ አጠገብ፤ ማናሴ መኪናው ላይ። የዱካሞ ምልክት ባዶ ነበር። አብዱልወሀብ እዚያ ላይ አልቆመም፤ ዙሪያውን ሄደ።

«አንዱዓለም ‹ዱካሞ ረሳ› ይላል» ሲል ጀመረ። «እኚህ እማማ የሻሽወርቅ ግን ‹ክፍት ነው› ሲል ሰምተዋል። ሞተሩ እንደተነሣ ጎማው ተስፈነጠረ፤ ቫልቩም ተዘግቶ ነው የተገኘው። እንዲያ ለመሆን አስቀድሞ መዘጋት አለበት፤ ከሞተሩ በኋላ ለመዝጋት ጊዜ አልነበረም። እንግዲህ ቫልቩ የተዘጋው ‹ክፍት ነው› ከተባለ በኋላ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ነው። በዚያ መሐል የነበረው ጸሎቱ ብቻ ነው።»

አንድ ሽማግሌ «ኢየሱስ!» አለ።

«የሁሉም ዓይን ተጨፍኗል። ድሮ ቢሆን የሁሉም እጅ ተይዟል፤ አሁን ግን እጅ ሁሉ ነፃ ነው። ሽጉጤ ከበሩ ‹አሜን› ይላል። ማናሴ መኪናው ላይ ነው። ከዱካሞ ሌላ፣ ሰው እጁን ዘርግቶ እጀታው ላይ የሚደርስበት አንድ ምልክት ብቻ አለ።»

ሁሉም አንዱዓለምን አየ።

«ሜትር ይዘህ መጥተህ ነው?» አለ አንዱዓለም። «እኔ ጮክ ብዬ ስጸልይ ነበር!»

«አዎ። እጀታው ጥጉ ጋ ቀጭ ይላል፤ በጸጥታ ብትዘጋው ይሰማብህ ነበር። ለዚህ ነው ያን ቀን ጸሎት ያማረህ።» ወደ መኪናው አመለከተ። «ፓምፑን ፋቅኩት። አዲሱ ሰማያዊ ቀለም ሥር የከረመ ዝገት አለ። አዲሱን ሸጠህ አሮጌውን ቀብተህ መለስከው። ዘይቱ ሞቆ ቢፈተሽ ጌጁ ያጋልጥሃል።»

«ሰው አልገደልኩም!»

«ልትገድል አላሰብክም፤ እሱን አምናለሁ። ዲስኩ እንዲቀደድ፣ ፍተሻው እንዲቀር ነው የፈለግከው። ወደብ ስለተዘጋ ዲስክ ቶሎ አይመጣም። ለዚህም ነው ከአጠገቡ ያልራቅከው፤ የሚፈራ ነገር አለ ብለህ አላሰብክም። የራቀው ሌላ ሰው ነው።» መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ዙሪያዋ በሞረድ የተበላ የሃምሳ ሳንቲም ነበረች። «በዲስኩ ቦታ ያገኘሁት ይህችን ነው። ሳንቲም አይቀደድም። የሚለቀው ጎማው ነው።»

አንዱዓለም ሳንቲሟን አየ፣ ከዚያ ሽጉጤን። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ሳንቲም? ሽጉጤ፣ ሳንቲም አስገብተህበት ነበር? አንተ ሰው! ዲስኩ ይፈነዳል ብዬ እኮ ነው የዘጋሁት! ይፈነዳል ብዬ!»

ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ፖሊስ ጠሩ። አንዱዓለም መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ማንም አላባበለውም፣ ማንም አልሰደበውም። ለመሳደብም ጉልበት ያስፈልጋል።

ሽጉጤ ከበሩ ሳይነቃነቅ፣ «ዲስኩ የሚመጣው ከውጭ ነው» አለ። «ወደብ ተዘጋ፤ ሥራ ግን አይዘጋ። ለጊዜው ብዬ ነው።»

«ለጊዜው ያልከው ለዱካሞ ለዘላለም ሆነ» አልኩት። «ታውቅ ስለነበር በር ላይ ትቆማለህ፤ እሱን አጠገቧ ታቆማለህ። ሲሞት ደግሞ ለዚህ ምስኪን አሸከምከው።»

«እማማ፣ ተሳስቻለሁ። ማታ ለፍሬገነት ደውዬ እነግራታለሁ።»

«በስልክ?»

«ኮሮና ነው እኮ፣ ለቅሶ ቤት...»

የስፌት መኪናዬን ገፍቼ ተነሣሁ። ወገቤን ያመኛል፤ ቢሆንም ተነሣሁ።

«ስማኝ፣ ሽጉጤ። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ሰው በቀር ማንም አልጠየቀኝም፤ አሁን እኔ ልጠይቅህ ነው፣ እምቢም አትለኝም። ነገ ቀብር ነው። ማናሴ ከእህቱ ጎን ቆሞ አፈር ያለብሳል። አንተ አሁን፣ ሳይመሽ፣ የማናሴን እጅ ይዘህ በካትሌሆንግ መንገድ በእግርህ ትሄዳለህ፤ ሰው ሁሉ እያየህ። የፍሬገነትን በር አንኳኳ። ‹ሳንቲሟን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ወንድምሽ እጁ ንጹሕ ነው› በላት፣ በራስህ አፍ። ማስኩ አፍህን ይሸፍን እንጂ ቃልህን እንዳይሸፍነው። እሷ የወንድሟን እጅ እስክትቀበልህ ድረስ አትልቀቀው።»

ማናሴ ከመኪናው ወረደ፤ በሩ ጮኸ። ሽጉጤ እጁን ወደ ኪሱ ከተተና ጠርሙሱን አወጣ።

«ሳኒታይዘሩን አስቀምጥ!» አልኩት። «እጁን ያዝ ነው ያልኩህ።»