የጀልባ ቀዛፊው ልጅ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጠላሁት።

የመንደራችን የታሪክ ማኅበር በየወሩ የድሮ ነገር የሚያውቅ ሰው አዳራሽ ጋብዞ ያስወራል። የዚያን እሁድ እንግዳው ከከተማ የመጣ ረጅም አናጢ ነበር። ገና አፉን ሲከፍት፣ «የማወራችሁ ስለ ሰጠመችው ጀልባ ነው» አለ።

ክው አልኩ። ቀዛፊው አባቴ ነበር። ጀልባዋ ስትገለበጥ ከነተሳፋሪዎቹ በዚያው ቀረ። መንደሩም «ጠጥቶ ነው የጨረሳቸው» አለ። አመሻሽ ላይ ድምፁ ከወንዙ ይሰማል እያሉ ልጅ ያስፈራሩበታል። እኔ ያኔ በእናቴ ሆድ ነበርኩ፤ ድምፁን በሕይወት ሳለ ሰምቼው አላውቅም። ግን እሰማዋለሁ...

ብድግ አልኩ። «ሙት መውቀስ አይበቃችሁም?» ብዬ ጥያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ አናጢው የስፌት ሱቄ በር ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ይቅርታ...»

«የሚሰፋ ከሌለህ መንገዱ ያውልህ!»

«ሳልጨርስ እኮ ነው የወጣሽው።»

«ምን ቀረህ? ሰካራም ነበር ልትል?»

አንገቱን ደፋ።

«ከዚያች ጀልባ የተረፍኩት ሕፃን እኔ ነኝ። አክስቴ ዳር ቆማ ታይ ነበር። ጀልባዋን የመታት ጎርፍ ያመጣው ግንድ ነው። አባትሽ በአንድ እጁ እየዋኘ ለእሷ አቀበለኝ። ‹በቃ ውጣ!› ብላ ብትጮህበት፣ ‹እናቱን ላምጣ› ብሎ ተመለሰ። በዚያው ቀረ።»

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ታዲያ?» ጮህኩበት።

«እሷ እኔን እንዳይወስዱባት ፈርታ ወዲያው ይዛኝ ሸሸች። የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው።»

ሲንጀር የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱም አብሮኝ አለቀሰ።

በቀጣዩ ወር አዳራሹ ተመልሶ ንግግሩን ጨረሰ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ትከሻዬን ነኩ። የወንዙ ድምፅ ከዚያ በኋላም አልጠፋም፤ መፍራቱን ግን ተውኩ።

ሰውየውም መመላለሱን አልተወም። ወደድኩት። ግን ሲስቅልኝ ፊቴን አዞር ነበር።

«እኔን ስታዪ እሱን ነው የምታስቢው?» አለኝ አንድ ቀን።

«አዎ... በአንተ ፈንታ የቀረ ይመስለኛል።»

«እኔም ደስ ባለኝ ቁጥር እደነግጣለሁ። የሰው ዕድሜ የምበላ ይመስለኛል።»

እጁን ይዤ እናቴ ዘንድ ወሰድኩት። ቁርጡን እሷ ትንገረን ብዬ። እናቴ አዳራሹ ውስጥ ያወራውን ሰምታ ነበር፤ ትክ ብላ አየችው።

«እናትህን ላምጣ ብሎ ነው የተመለሰው አልክ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ብቻዋን አልሞተችም። እሱም ብቻውን አልሞተም» አለችና ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። «ና፣ ተቀመጥ ልጄ።»

ተጋባን። ወንድ ልጅ ስንወልድ ባሌ የአባቴን ስም ሊያወጣለት ፈለገ። እናቴ ግን ሕፃኑን ከእቅፉ ተቀበለችው።

«ተው ልጄ፣ ስሙም ይረፍ» አለችው። «ይሄኛው የራሱን ዕድሜ ይኑር።»